ከገና በኋላ ያለው የሐረማያ ጉዞ፦ ዘንድሮ እንግዳችን ዳክዬ እናድን ብሏል

የከዚራ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ቤት ገና ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ የማይቀር ጉዞ አለ። ቤተሰቡ፣ የሰፈር ጓደኛው፣ ጎረቤቱ፣ ማንም ሳይቀር አንድ አባዱላ ሞልተን ከድሬዳዋ ወደ ሐረማያ ሐይቅ እንወጣለን። አባቴ ነው የጀመረው። ሌሊት ተነስተን፣ የደንገጎን ዳገት በጨለማ ወጥተን፣ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ገና እየነጋ ነው። ወፎቹን እናያለን፣ ቡና ይፈላል፣ ከበዓሉ የተረፈው ዶሮ ወጥ ይሞቃል፣ ከዚያ ሐረር ገብተን ጀጎልን ዞረን ማታ እንመለሳለን። ሐይቁ ደርቆ በነበረበት ዘመን እንኳ አልተቋረጠም። ያኔ ሐይቁን አልፈን በቀጥታ ሐረር ነበር የምንሄደው።

ዘንድሮ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ይመጣል። እዚያ ከሚስቱ ቤተሰብ ጋር በየዓመቱ በበዓል ሰሞን ዳክዬ አደን ይወጣል። ሐረማያ ላይ ዳክዬ እንዳለ ፎቶ ልኬለት ነበር፤ አሁን «ጠመንጃ የሚያከራይ ሰው ፈልግልኝ፣ አብረን እናድናለን» ይለኛል። እንግዳዬ ነው፣ ቅር እንዲለው አልፈልግም። ግን እዚያ ሐይቅ ላይ ሲተኮስ መስማት ልቤ አልፈቀደም። እናንተ ምን ትላላችሁ? ሕጉን የሚያውቅ ካለም ይንገረኝ።

ሸዋ በር
አቦ እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፣ በቀጥታ ልንገርህ። እንዳታደርጉት። ሐረር የምትጠጣው ውሃ ከዚያ ሐይቅ ነበር የሚመጣው። ሐይቁ በ1990ዎቹ እየሸሸ እየሸሸ ሲሄድ እኛ ቤት ቧንቧው መጀመሪያ በሳምንት መጣ፣ ከዚያ በአስራ አምስት ቀን፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። እናቴ ጄሪካን ይዛ ሌሊት ትሰለፍ ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ ሄጄ አይቼዋለሁ። መሬቱ ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ ውስጥ እጅ ይገባል፣ ከብት መሃሉ ላይ ይሄዳል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። በኋላ ለሐረር ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው ሽቅብ በፓምፕ እየተገፋ ነው የመጣልን። አሁን ሐይቁ ተመልሷል። ወፉም ተከትሎት መጥቷል። ገና እግሩን ያልተከለ እንግዳ ላይ አይተኮስም በቃ።

ቆቅ አዳኝ
ሁላችሁም ስሜታዊ አትሁኑ። አደን ኃጢአት አይደለም። አያቴ ቆቅና ጅግራ ያድን ነበር፣ እኛም በልተን አድገናል። ሰውዬው የለመደውን ነው የጠየቀው። ዳክዬ ካልሆነ ቆቅ ይዛችሁት ውጡ፣ ወደ ቆላው አለ አይደል። ዋናው ነገር ቤተሰብ አንድ ላይ መውጣቱ ነው።

የወፍ ተማሪ
ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ የማውቀውን ልጨምር።

መጀመሪያ ሕጉ። በዱር እንስሳት ሕጉ መሠረት ማንኛውም የዱር እንስሳ አደን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ወፍም ቢሆን። ቆቅም ቢሆን፣ ወንድሜ ቆቅ አዳኝ። ጠመንጃ «ማከራየት» የሚባለውን ደግሞ ከነጭራሹ እርሱት። አዋጅ 1177/2012 የጦር መሣሪያን በሚመለከት ጥብቅ ነው፤ ያከራየውም የተከራየውም ነው የሚጠየቀው። ወደ ኤረር ሸለቆ እንውረድ የሚል ካለም የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ እዚያ ነው፣ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ የተከለለ፣ ጠመንጃ ይዞ መግባት የማይታሰብ።

ሁለተኛው ወፎቹ ናቸው። በጥር ሐረማያ ላይ የምታዩት ዳክዬ ሁሉ የእኛ አገር ነዋሪ አይደለም። ቢጫ ምንቃር ያለው ጠቆር ያለ ዳክዬ ነዋሪ ነው። ቀይ ምንቃር ያለውም እንዲሁ። የግብፅ ዝይ የሚባለው ትልቁም ነዋሪ ነው፣ ጩኸቱ ብቻውን ይቀሰቅሳችኋል። ሌሎቹ ግን ከአውሮፓና ከእስያ የክረምት ብርድ ሸሽተው የመጡ ናቸው። ጅራቱ ቀጭንና ረጅም የሆነው ፒንቴይል፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ያለው ጋርጋኒ፣ እና ሰፊ ምንቃር ያለው ሾቬለር። በመጋቢት አካባቢ ይመለሳሉ፣ እዚያ ይፈለፍላሉ፣ ደግመው ይመጣሉ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአፍሪካና የዩሬዥያ ተጓዥ የውሃ ወፎች ስምምነት አባል ናት። ይህ ስምምነት አደንን በሙሉ አይከለክልም። ግን ረግረግ ቦታ ላይ በእርሳስ ጥይት ማደን እንዲቀር ይጠይቃል። ምክንያቱም ዳክዬ ጥርስ የለውም፣ ምግቡን የሚፈጨው ጠጠር ውጦ በጨጓራው ነው። ከውሃው ስር ጠጠር ሲለቅም የተበተነችውን የእርሳስ ፍሬ አብሮ ይውጣል። እርሳሱ እዚያው እየተፈጨ ደሙ ውስጥ ይገባል፣ ክንፉ ይዝላል፣ ሳይተኮስበት ይሞታል። ስለዚህ ስታችሁ የተኮሳችሁትም ይገድላል።

የከዚራ ልጅ
ይህን አላውቅም ነበር። በእውነት አመሰግናለሁ። ለአክስቴ ልጅ የዚህን ክር ሊንክ ልኬለታለሁ፣ ራሱ ይግባና ያንብበው።

እናት ሳቢያን
እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሦስት ልጆች አሉኝ። እዚያ ሐይቅ ዳር ልጅ ይሮጣል፣ ከብት የሚጠብቅ እረኛ አለ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ። ሣሩ ረጅም ነው፣ ማን የት እንዳለ አይታይም። ጠመንጃ ይዞ ጠዋት ጭጋግ ውስጥ መተኮስ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? ደግሞስ ተገድሎ ምን ሊሆን ነው? እኛ ቤት ዳክዬ አይበላም። የማይበላ ነገር ገድሎ መጣል ነውር ነው፣ ለልጆቼ እንዲህ ብዬ ነው ያስተማርኩት።

ከአርካንሳስ
ያ የአክስት ልጅ እኔ ነኝ። ሁሉንም አነበብኩት። አማርኛ መጻፍ ትንሽ ከብዶኛል፣ ስህተት ካለ ይቅርታ።

እናታችን ከሳቢያን፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው። እዚያ ለምን እንደምወደው ላስረዳችሁ እንጂ ልከራከር አልመጣሁም። የሚስቴ ቤተሰብ የሩዝ ገበሬ ነው። እርሻው ከታጨደ በኋላ ውሃ ይሞሉበታል፣ ዳክዬው ከሰሜን በሺህ ይወርድበታል። ከፈረንጆች ገና ማግስት አያት፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ፣ ሁሉም አንድ ቤት ይከማቻል። ሌሊት እንነሳለን። እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሰን ውሃ ውስጥ እንቆማለን። የፕላስቲክ ዳክዬ ውሃው ላይ ይበተናል፣ አማቴ በፊሽካ እንደ ዳክዬ ይጣራል። ከዚያ ጠብቅ ነው። አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ማንም አይናገርም። ስልክ የለም። እኔ እዚያ አገር ስገባ ብቸኛ ነበርኩ፤ ሰው የሆንኩት እዚያ ውሃ ውስጥ ከአማቴ ጎን ቆሜ ነው። ሌላው ቢቀር ይህን እወቁልኝ።

ሕጉም እዚያ ቀልድ አይደለም። ፀሐይ ልትወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ነው መተኮስ የሚፈቀደው፣ ሲመሽም ያበቃል። በቀን ለአንድ ሰው ስድስት ዳክዬ ነው፣ ከስድስቱ አረንጓዴ ራስ ያለው ማላርድ የሚባለው ከአራት አይበልጥም። ጠመንጃው ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ ይደፈናል። የእርሳስ ጥይት ለውሃ ወፍ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በአገር ደረጃ የተከለከለ ነው፣ እኛ በብረት ፍሬ ነው የምንተኩሰው። ደግሞ እያንዳንዱ አዳኝ በየዓመቱ የዳክዬ ቴምብር የሚባል ይገዛል፣ 25 ዶላር። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ከአንድ ዶላር 98 ሳንቲሙ ረግረግ መሬት ለመግዛትና ለመጠበቅ ነው የሚውለው። ስለዚህ እዚያ አዳኝ ማለት የወፉ ጠላት ማለት አይደለም። የገደልነውንም እንበላለን፣ አማቴ ከሩዝ ጋር ይሠራዋል።

ሐረማያን ግን እንደ አርካንሳስ አድርጌ ነበር ያሰብኩት። ልጅ ሆኜ ነው የሄድኩት፣ ደርቆ ነበር፣ ስለመመለሱ ከፎቶ ነው ያወቅኩት። የሸዋ በርን ጽሑፍ ሳነብ ጠመንጃው ከሐሳቤ ወጣ። ዘንድሮ ለማየት ብቻ እመጣለሁ።

ሸዋ በር
አቦ ወንድሜ! አፌ ቁርጥ ይበልልህ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የጠፋው። ሐረር ስትገቡ ቡናው በእኔ ነው።

ልጅ ከአደሌ
እኔ ደግሞ የምትሉት ላይ አንድ ነገር አለኝ። ተወልጄ ያደግኩት አደሌ ሐይቅ አጠገብ ነው፣ ከሐረማያ ብዙ አይርቅም። ቤተሰቤ እስከ አሁን ገበሬ ነው። ስለ ጠመንጃ ይህን ሁሉ ትጽፋላችሁ። በዓመት አንድ እንግዳ ይዞት የሚመጣ ጠመንጃ ሐይቅ አላደረቀም። ያደረቀው ሞተር ፓምፕ ነው፣ ከተራራው የሚወርደው ደለል ነው፣ ለከተማ የተሳበው ውሃም ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ዳክዬውን ያባረረው ይህ ነው። አሁንም ፓምፑ አልቆመም።

እኛን ገበሬዎቹን ብቻ ግን አትክሰሱ። ጫት ውሃ ይፈልጋል፣ ድንችና ሽንኩርት ውሃ ይፈልጋል። አወዳይ ገበያ ላይ ጫቱ ካልቀረበ ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድም። ይህን የምጽፈው ተናድጄ አይደለም። ወፍ ለማየት ስትመጡ ሐይቁን ብቻ ሳይሆን ዳሩ ላይ ያለውን ሰውም እዩት፣ አናግሩት ነው የምለው። ብዙ ሰው መኪና አቁሞ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፣ ሰላም እንኳ አይልም።

የወፍ ተማሪ
ልጅ ከአደሌ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ሐረማያ ድሮም ጥልቅ ሐይቅ አልነበረም። ዙሪያው ሲመነጠር አፈሩ እየታጠበ ወለሉን ሞላው፣ የቀረውን ውሃ መስኖውና የከተማው ቧንቧ ተሻሙት፣ ሙቀቱም የድርሻውን አተነነ። ዳክዬ ደግሞ የሚፈልገው ጥልቀት የሌለውን ዳሩን ነው። ሾቬለር የምላችሁ ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋ ነው። ምንቃሩን ውሃው ላይ አስተኝቶ እየዋኘ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያወዛውዘዋል፣ በጎንና በጎኑ ባለው ጥርስ መሳይ ማጥለያ ጥቃቅን ነፍሳትን ያጣራል። አንዳንዴ ብዙ ሆነው ክብ ሠርተው ይሽከረከራሉ። አንዱ በእግሩ የቀሰቀሰውን ከኋላው ያለው ይለቅመዋል። ይህን ለማየት ፀሐይ ሳትጠነክር፣ ነፋስ ሳይነሳ መድረስ አለባችሁ። ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ፣ አለበለዚያ ሁሉም ጥቁር ነጥብ ሆኖ ነው የሚታያችሁ።

አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በየዓመቱ በጥር ወር በብዙ አገር የውሃ ወፍ ቆጠራ ይካሄዳል፣ ኢትዮጵያም አለችበት። የእናንተ ጉዞ በትክክል ጥር መግቢያ ላይ ነው የሚውለው። ቁጭ ብላችሁ ብትቆጥሩና በየዓመቱ በአንድ ደብተር ብታስቀምጡት፣ ከአንድ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው። የሚቆጥሩ ሁለት፣ የሚጽፍ አንድ ሰው ይበቃል።

ቆቅ አዳኝ
እሺ፣ ስለ ፈቃዱ የተባለውን ተቀብያለሁ። አያቴ ዘመን እንዲህ አልነበረም እንጂ። ግን ከአርካንሳስ የጻፈው ሰው ያለው ነገር ልቤን ነክቶታል። ያ ዝም ብሎ ጎን ለጎን መቆም። እኔም ከአያቴ ጋር የቀረልኝ ትዝታ ቆቋ አይደለችም። ጎህ ሲቀድ ትከሻዬን ይዞ «ስማ» ይለኝ የነበረው ነው። መተኮሱ ቢቀርም ሌሊት መነሳቱን፣ ዝምታውን አታስቀሩት። ብዙ ጊዜ ሐይቅ ዳር የሚሄድ ሰው ቴፕ ከፍቶ ነው የሚሄደው።

አባ ደንገጎ
ሹፌር ነኝ። በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። አንድ ምክር ለከዚራ ልጅ። ሌሊት ስትወጡ ደንገጎ ላይ ጭጋግ ይጠብቃችኋል፣ ሲኖ ትራክ ከላይ እየወረደ ነው፣ ፍሬኑ ሞቆ ሊሆን ይችላል። ሹፌራችሁን አታጣድፉት። ደግሞ ድሬ ሞቃት ነው ብላችሁ በቲሸርት እንዳትመጡ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሐረማያ 2,000 ሜትር አካባቢ። በጥር ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። ልጆቹን በጋቢ ጠቅልሏቸው።

እናት ሳቢያን
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከዚራ ልጅ፣ ለእኛስ ቦታ አለ? ልጆቼ ይህን ሳነብላቸው አላስቀምጥ ብለውኛል። ትንሹ ከአሁኑ «እኔ ነኝ ቆጣሪ» እያለ ነው። ፈጢራ ሠርቼ አመጣለሁ፣ ማሩንም ጨምሬ።

የከዚራ ልጅ
እንዴ እትዬ፣ ቦታማ አለ! ሁለተኛ አባዱላ እንይዛለን።

ከአባቴ ጋር ዛሬ ተነጋገርኩ፣ ክሩን አነበብኩለት። እሱ ስለ አደን ምንም አላለም። ልጅ ከአደሌ የጻፈውን ግን ሁለቴ አስነበበኝ። ከዚያ ሐይቁ በደረቀበት ዘመን እዚያ ዳር ቡና የምትሸጥ አንዲት እናት እንደነበረች፣ ውሃው ሲሸሽ እሷም ድንኳኗን እየተከለች እንደተከተለችው፣ በመጨረሻ ውሃው ሲጠፋ እሷም እንደጠፋች ነገረኝ። ይህን ከዚህ በፊት ነግሮኝ አያውቅም። ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንሄድ እኔ ወፉን ነበር የማየው፣ እሱ ለካ ሰዉን ጭምር ነበር የሚያየው። ዘንድሮ የሚፈላውን ቡና እዚያው ከሚኖሩት እንገዛለን ብሎ ወስኗል። ጀበና ከቤት አይያዝም።

ልጅ ከአደሌ፣ ፈቃድህ ከሆነ አንተም ናልን። ወይም እኛ ከሐረማያ ስንጨርስ አደሌ ጎራ እንላለን፣ ቤተሰቦችህን ሰላም ብለን እናልፋለን።

ልጅ ከአደሌ
በደስታ ነው አቦ። አባቴ እንግዳ ይወዳል። ግን በባዶ ሆድ ኑ፣ ያለበለዚያ ይቀየማል። አደሌም ላይ ወፍ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ዝይዎቹ ማሳችን ዳር ድረስ ይወጣሉ። ከፈለጋችሁ ፓምፑንም አሳያችኋለሁ፣ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ቱቦው የት እንደሚደርስ። ደብተራችሁ ላይ እሱንም ጻፉት። ወፍ ብቻ ተቆጥሮ ውሃው ካልተቆጠረ ምን ዋጋ አለው?

የወፍ ተማሪ
ይህ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ዳር ላይ አንድ ድንጋይ ወይም ዛፍ ምልክት አድርጉና ውሃው ከእሱ ስንት እርምጃ እንደራቀ በየዓመቱ ለኩ። በቃ፣ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሰው ብቻ ይለካ፣ የሁሉ ሰው እርምጃ እኩል አይደለም።

ከአርካንሳስ
እኔ ሁለት የሩቅ መነጽር ይዤ እመጣለሁ። አንዱ የአማቴ ነው። ስለ ሐረማያ ስነግረው ራሱ ነው ከሣጥኑ አውጥቶ የሰጠኝ። «ፒንቴይሎቹ እዚያም ይደርሳሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። እዚያ ያሉት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ናቸው አልኩት። ዘሩ ግን አንድ ነው። እኛ ሩዝ እርሻ ላይ የሚወርደው ያው ወፍ ነው። ፎቶ እንድልክለት ቃል አስገብቶኛል።

ከዚራ ልጅ፣ የፕላስቲክ ዳክዬስ ላምጣ? ለልጆቹ መጫወቻ እንዲሆን ነው፣ ውሃው ላይ አንጥለውም።

የወፍ ተማሪ
መጫወቻ ከሆነ ምንም አይደለም፣ ግን ቤት ቢቀር ይሻላል። ፊሽካውንም ተወው። ከሩቅ በርረው የደከሙ ወፎች ናቸው፣ በከንቱ ባይነሱ ይመረጣል። ከዳር ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው መብላት ካቆሙ ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ወደኋላ በሉ።

የከዚራ ልጅ
ተስማምተናል። የሚመጣ ሰው እንዲያውቀው፦ ገና ካለፈ በኋላ ያለው ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለገሃሬ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት። አባዱላው ሰው አይጠብቅም፣ የረፈደበት በራሱ ይምጣ። ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ውሃ፣ ለቆሻሻ መመለሻ ፌስታል። ደብተሩን እኔ ገዝቻለሁ። ርቀቱን የሚለካው አባቴ ነው፣ እርምጃውም የእሱ ነው የሚመዘገበው። ትርፍ መነጽር ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ለአሥራ ምናምን ሰው ሁለት አይበቃም።